ወደ ግድግዳው ዙር

ወንጌል ውስጥ ካሉት ሰዎች ዮሴፍን ያህል ዝም ያለ የለም። ጴጥሮስ ሳይጠየቅም ይናገራል። ቶማስ ይጠይቃል። ጲላጦስ እንኳ በአቅሙ "እውነት ምንድን ነው?" ብሎ ይፈላሰፋል። የእመቤታችን ጠባቂ አረጋዊው ዮሴፍ ግን በአራቱም ወንጌል አንዲት ንግግር አልተጻፈለትም። ልጁ በ12 ዓመቱ ኢየሩሳሌም ቀርቶ ከ3 ቀን በኋላ ቤተ መቅደስ ሲገኝ እንኳ "አባትህና እኔ እየተጨነቅን ስንፈልግህ ነበርን" ያለችው እናቱ ናት። እሱ አጠገቧ ቆሟል። ላቡን እየጠረገ ይሆናል።

ልጅ ሆኜ ዮሴፍን የማውቀው በሥዕል ነው። በስደቱ ሥዕል። እመቤታችን ልጇን ታቅፋ አህያ ላይ ተቀምጣለች፤ ሰሎሜ አብራ አለች፤ እሱ በትሩን ትከሻው ላይ አጋድሞ፣ ስንቅ አንጠልጥሎ ይሄዳል። ጽጌ በመጣ ቁጥር፣ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ባሉት 40 ቀናት፣ ማኅሌቱ የሚያወድሰው እሷንና ልጇን ነው። እሱን ማን ያየዋል? ዕቃ ተሸካሚ ይመስላል። ደግሞ ለአዲስ አበባ ልጅ "ዮሴፍ" ሲባል ቶሎ የሚመጣለት መቃብሩ ነው። "ቀብሩ የት ነው?" "ዮሴፍ።" በቃ።

አሁን 38 ዓመቴ ነው። ስለ ጥሩ ወንድ ባሰብኩ ቁጥር ከዚህ ሽማግሌ መላቀቅ አቅቶኛል። ምክንያቱን ልንገራችሁ። ትንሽ ያሳፍራል።

በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ጥሩ ሰው ነበርኩ። እየቀለድኩ አይደለም፤ ሰፈሩ እንዲህ ነበር የሚለኝ። ሰንበት ትምህርት ቤት አገለግላለሁ። ዐቢይ ጾምን 55ቱንም ቀን እጾማለሁ። አልጠጣም፣ አላጨስም፣ በጫት ቤት ደጃፍ አላልፍም። እናቶች ልጆቻቸውን ሲቆጡ "እሱን አታይም?" ይሉ ነበር። እንዲህ እየተባለ ያደገ ልጅ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ራሱን የሰፈሩ ትራፊክ ፖሊስ አድርጎ ይሾማል። ማን ቀይ መብራት ጣሰ፣ ማን ሰክሮ ገባ፣ ማን ሳይቆርብ ስንት ፋሲካ አለፈው፤ ሁሉም ተመዝግቦ ልቡ ውስጥ ተቀምጧል።

ወንድነትንም የማውቀው በዚያው በኩል ነበር። እኛ አገር ወንድ ሲባል ድምፅ አለው። ፉከራ አለው፣ ሽለላ አለው፣ "ወንድ አይደለህም እንዴ!" የሚል ግፊት አለው። እኔ መንፈሳዊ ስለሆንኩ ጠብ አልወድም። ስለዚህ የምፎክረው በእውነት ነበር። "እውነቱን ፊት ለፊት መናገር ነው" እላለሁ። ሰዎችም "ይሄ ወንድ ነው!" ይሉኛል። ደስ ይለኛል።

ታኅሣሥ 2003 ዓ.ም. እህቴ አረገዘች። 20 ዓመቷ ነው። አላገባችም፤ ኮሌጅ 2ኛ ዓመት ላይ ናት። የሰማሁት በአጋጣሚ ነው፣ ጓሮ ከጓደኛዋ ጋር በስልክ ስታወራ። ሁለት ቀን ዋጥ አድርጌ ቆየሁ። እሑድ ከቅዳሴ ተመልሼ፣ አባቴ ቁርስ ላይ እንደተቀመጠ፣ ነገርኩት። እሷም ነበረች። እናቴም ነበረች። አንዲት ጎረቤትም ቡና ልትጠጣ ገብታ ነበር። "በዚህ ቤት የሚደበቅ ነገር ሊኖር አይገባም" ብዬ ነው የጀመርኩት። ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፤ መንገድ ላይ ስለማመደው ነበር የመጣሁት።

አባቴ አልጮኸም። እንጀራውን ገፋ አደረገና ተነሳ። ከዚያ ለሦስት ወር አላናገራትም። ከዚያ እሷ አዳማ፣ አክስታችን ጋ ሄደች። ከዚያ እዚያው ቀረች። የልጁ አባት ነገር ራሱን የቻለ ታሪክ ነው፤ ለእሷ ልተወው። (ይህን ጽሑፍ ከመልቀቄ በፊት ልኬላት ነበር። ሁለት ቦታ ሰርዛ፣ ሰው የሚያስለየውን ነገር ቀያይራ፣ "አሁን ልቀቀው" አለችኝ።)

ከብዙ ጊዜ በኋላ የሰማሁት አለ። እናቴ ቀድማኝ ታውቅ ኖሯል። ሦስት ሳምንት ቀድማኝ። ለአክስቴ ደውላለች፣ ከእህቴ ጋር መክራለች፣ አባቴን ደስ ባለው ሰዓት ጠብቃ፣ ከእግሩ ሥር ተቀምጣ፣ ቀስ ብላ ልትነግረው ነበር። እናቴ የምታነበው በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የተማረችውን ያህል ነው። ጥቅስ የምደረድረው እኔ ነበርኩ።

ከምደረድራቸው ጥቅሶች ውስጥ ማቴዎስ 1፥19 አልነበረም። በየዓመቱ እሰማዋለሁ፣ ያልፈኛል። "እጮኛዋ ዮሴፍም ጻድቅ ሆኖ ሊገልጣት ስላልወደደ በስውር ሊተዋት አሰበ።" እስቲ ቆም በሉልኝ። በዚያች ሰዓት ዮሴፍ የሚያውቀው ምን ነበር? መልአኩ ገና አልመጣም። ሕልሙን ገና አላየም። የሚያውቀው የታጨችለት ልጅ መፅነሷን፣ ፅንሱም የእሱ አለመሆኑን ብቻ ነው። ዘዳግም 22 ላይ ለታጨች ልጅ የተጻፈው ፍርድ ደግሞ ድንጋይ ነው። ሕጉ ከእሱ ጋር ነው። ሰዉ ከእሱ ጋር ነው። የተዋረደው ክብር የእሱ ነው። አደባባይ ወጥቶ "እኔ የለሁበትም" ቢል ማን ይፈርድበታል?

እኔ ጸሐፊው ብሆን ኖሮ "ጻድቅ ስለነበር ገለጣት" ብዬ ነበር የምጽፈው። ማቴዎስ ጽድቁን ያየው አለመግለጡ ላይ ነው። መልአኩም የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ይህ ቅደም ተከተል እንቅልፍ ይነሳኛል። ዮሴፍ ምሥጢሩ ሲነገረው አይደለም ደግ የሆነው። ተበደልኩ ብሎ እያሰበ፣ ልቡ እየደማ፣ የልጅቷን ስም ሊያተርፍ መላ ሲፈልግ ነው ያደረው። አንድ ጥንታዊ የክርስቲያን ትረካ ደግሞ፣ ካህናቱ የዘለፋውን ውሃ ለፈተና ሲያቀርቡ እሱም እሷም እንደጠጡት ይናገራል። ልብ ወለድም ይሁን ብትሉኝ፣ ሰውየውን ግን በደንብ አውቆታል።

በአማርኛ ለዚህ ነገር ቃል አለን። ገመና። ገመናና ኃጢአት አንድ አይደሉም። ድህነት ገመና ነው። በሽታ ገመና ነው። ለእንግዳ የሚቀርብ ማጣት ገመና ነው። ሽማግሌዎች ሲመርቁ፣ ከሀብቱም ከልጁም እኩል፣ "ገመናችሁን ይሸፍንላችሁ" ይላሉ። አሜን እንላለን፣ ሁላችንም። ጳጳሱም አሜን ይላል፣ ሌባውም አሜን ይላል። ከልብሱ ሥር ሌላ ሰው እንዲያየው የማይፈልገው ነገር የሌለው ሰው እንደሌለ ቋንቋው ያውቃል።

ኖኅ ወይን ጠጥቶ ድንኳኑ ውስጥ ዕርቃኑን ሲተኛ ካም አየ፤ ወጥቶም ለወንድሞቹ ነገረ። አልዋሸም። ያየውን ነው የተናገረው። ሴምና ያፌት ልብስ ትከሻቸው ላይ አድርገው፣ ፊታቸውን አዙረው፣ የኋሊት እየሄዱ አባታቸውን አለበሱት። እኔ በዚያ እሑድ ቁርስ ላይ ካም ነበርኩ። እውነተኛ፣ ሰዓት አክባሪ፣ ያስቀደሰ ካም።

እዚህ ላይ ግን ሌላውንም ካልተናገርኩ አደጋ አለው። ገመና የሚለው ቃል ሲበላሽ በዓይኔ አይቻለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለሽምግልና ተጠራሁ። ባልየው ሚስቱን ይመታል። ሴትየዋ እጇን በፋሻ ጠቅልላ ጥግ ላይ ተቀምጣለች። ባልየው ረቡዕና ዓርብን የማይስት፣ ማኅበር የሚጠጣ፣ "ጥሩ ሰው" ነው። ምን ብሎ ከሰሳት መሰላችሁ? "የቤቴን ገመና ለጎረቤት አወጣች።" ከሽማግሌዎቹ ሁለቱ ራሳቸውን ነቀነቁ። ይቅርታ ጠያቂዋ እሷ ልትሆን ምንም አልቀራትም። እኔም ዝም አልኩ። ያ ዝምታ የዮሴፍ አልነበረም፤ የፈሪ ነበር። በመጨረሻ የተናገሩት አንድ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። "ስማ ልጄ" አሉት፤ "ገመና የደካማ ነው። ያንተ ወንጀል ነው። ወንጀል ደግሞ ጣቢያ ነው የሚወራው።"

ዮሴፍ ድንጋይ ሊያርፍባት የምትችለውን ልጅ ነው የሸፈነው። ድንጋዩን የያዘው ሰውዬ ራሱ "ሸፍኑኝ" ሲል ሌላ ጉዳይ ነው። እነዚህን ሁለት ነገሮች እያምታታን ስንት ሴት ዝም እንዳሰኘን እግዜር ይወቀው። በቤት፣ በመሥሪያ ቤት፣ በቤተ ክርስቲያን ግቢም ጭምር።

ወደ ቤታችን ልመለስ። አባቴ በኋላ ከእህቴ ጋር ታርቋል። ሲታመም ከአዳማ እየተመላለሰች ያስታመመችው እሷ ናት። ያረፈው ግንቦት 2011 ዓ.ም. ነው፣ ሌሊት፣ ቤቱ፣ አልጋው ላይ። የዕድሩ ጡሩምባ ሳይነፋ እናቴ እኔን የላከችኝ ሬሳ የሚያጥቡና የሚገንዙ አንድ የሰፈር ሰው ዘንድ ነበር። ስማቸውን አልጠራም፤ ቢጠራም አይወዱም። በእኔ የድሮ መዝገብ ላይ ቀይ የተሰመረባቸው ናቸው። ካቲካላ ይወዳሉ። ቤተ ክርስቲያን ሲመጡ ከቅጥሩ ውጭ ቆመው፣ አጥሩን ተሳልመው ይመለሳሉ። አንዴ ልመክራቸው ቤታቸው ሄጄ ነበር። ቡና አስፈልተው፣ እስከ መጨረሻው አዳምጠው፣ "እግዚአብሔር ይስጥልኝ ልጄ" ብለው እስከ በሩ ሸኙኝ።

መጡ። ካቲካላ አይሸቱም። እጃቸውን ታጠቡ፣ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ፣ ሰዉን ሁሉ አስወጥተው እኔን ብቻ አስቀሩኝ። ለብ ያለ ውሃ በባልዲ፣ ሳሙና፣ ጨርቅ፣ ክር፣ አቡጀዲ። አባቴ ስድስት ወር ሙሉ አልጋ ላይ ነበር። ያስታመመ ሰው ምን እንደምል ያውቃል። አንሶላውን ልገልጥ እጄን ሰደድኩ። ያዙኝ።

"ተወው። አንተ ወደ ግድግዳው ዙርና ውሃውን አቀብለኝ።"

"ልርዳዎት ብዬ ነው..."

"እየረዳኸኝ ነው። ዙር።"

ዞርኩ። ግድግዳው ላይ የቅዱስ ሚካኤል ሥዕልና አባቴ ማውረድ የረሳው የ2009 ካላንደር ነበሩ። ለ40 ደቂቃ ያህል ያየሁት እነሱን ነው። ውሃ በጣሳ እቀዳለሁ፣ በጀርባዬ አቀብላለሁ፣ ባዶው ጣሳ በጀርባዬ ይመለሳል። የሚሰማኝ ጨርቅ ሲጨመቅና እሳቸው ሲያጉተመትሙ ነው። አባቴን ያዋሩታል። "ጎንህን ትንሽ... አዎ እንደሱ። ይቺን እጅ ደግሞ። አይዞህ፣ ጨረስን።" አንሶላውን አንዴም እንዳልገለጡት የገባኝ በኋላ ነው። ከሥሩ በእጃቸው እየዳበሱ ነው ያጠቡት። ለካ እሳቸውም አላዩትም።

"ዙር" አሉኝ ሲጨርሱ። አባቴ ንጹሕ ነበር። አቡጀዲው እስከ አገጩ ደርሷል። ፊቱን ለእኔ ትተውልኛል። "አሁን ሳመው" ብለው ወጡ። በረንዳ ላይ ዘመድ ከበባቸው። "እንዴት ነበር? በጣም ተጎድቶ ነበር?" ሰው በለቅሶ ላይም ወሬ አይጠግብም።

"እንደ ሙሽራ ነው" አሉ። ሌላ ቃል አልወጣቸውም። እጃቸውን ሊታጠቡ ወደ ጓሮ ሄዱ።

የቀበርነው ዮሴፍ ነው። ካህናቱ ፍትሐት ሲያደርሱ የእኔ ሐሳብ ወደ ሌላኛው ዮሴፍ፣ ወደ አርማትያሱ ሄደ። ሉቃስ 23፥50 ላይ "በጎና ጻድቅ ሰው" ይለዋል። ምን ሠርቶ ነው? ስብከት የለውም። ተአምር የለውም። የሸንጎ አማካሪ ነበር፤ በምክራቸው አልተባበረም፣ ግን ሲቃወም የተጻፈለት ንግግርም የለም። ዮሐንስ እንዲያውም አይሁድን ስለፈራ በስውር ደቀ መዝሙር ነበር ይላል። ያ ፈሪ ሰው፣ ደፋሮቹ በሸሹበት ማታ፣ ጲላጦስ ዘንድ ገብቶ ሥጋውን ለመነ። ልብሱን ተገፎ በአደባባይ የተሰቀለውን በበፍታ ከፈነው። ለራሱ ያስወቀረውን መቃብር ለቀቀለት። በቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት እሱና ኒቆዲሞስ የገነዙት "ቅዱስ እግዚአብሔር፣ ቅዱስ ኃያል፣ ቅዱስ ሕያው ዘኢይመውት" እያሉ ነው። ይህን ጸሎት ከልጅነቴ ጀምሮ ስንት ሺህ ጊዜ እንዳልኩት አላውቅም። ሬሳ እየገነዙ ያሉት ሰዎች ጸሎት መሆኑን አስቤው አላውቅም ነበር።

አንዱ ዮሴፍ እናቲቱን ሸፈነ፣ ሌላው ዮሴፍ ልጇን። ስም ተገጣጥሞ ነው ትሉኝ ይሆናል። ይሁን።

ይህን ሁሉ ሳወራ "ጾሙ ምን ያደርጋል፣ ዋናው ልብ ነው" ወደሚለው እየወሰድኳችሁ አይደለም። ያን አባባል የሚወድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ክትፎ አምሮት ነው። እኔ አሁንም እጾማለሁ። ግን ኢሳይያስ 58 ሲነበብ አንገቴን አቀረቅራለሁ። እግዚአብሔር የመረጠው ጾም ምን እንደሆነ ሲዘረዝር፣ የተራቆተውን ብታይ ታለብሰው ዘንድ ይልና ወዲያው ከሥጋ ዘመድህ እንዳትሸሽግ ይላል። የእኔ ሥጋ ዘመድ ያለችው 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ነበር። ፈጣን መንገዱ ከተከፈተ ወዲህ ደግሞ ምን አላት? ስምንት ዓመት ሙሉ አዳማ የሄድኩት ሁለት ጊዜ ነው፤ ሁለቱንም ለሰው ሠርግ። ቤቷ አልገባሁም።

ከአባቴ አርባ በኋላ ገባሁ። ቀድሜ ንስሐ አባቴን አነጋግሬ ነበር። ስግደት ያዙኛል፣ ምናልባት ተጨማሪ ጾም፣ ብዬ ተዘጋጅቻለሁ። "ለእኔ የነገርከኝን ለእሷ ንገራት" አሉኝና ዝም አሉ። ስግደቱ ይሻለኝ ነበር።

ቤቷ ትንሽ ናት፣ ንጹሕ ናት። ተቀመጥኩ። ረጅም ንግግር ነበረኝ፤ ልማድ ሆኖብኝ አውቶቡስ ላይ ስለማመደው ነው የመጣሁት። አላስጨረሰችኝም።

"ነጠላህን እንኳ አላወለቅክም ነበር" አለችኝ።

ከዚያ ቡና ልታፈላ ተነሳች። ይቅር ብዬሃለሁ አላለችም። እኔም ደግሜ አልጠየቅኩም። ሦስተኛው ቡና ላይ ስለ አባዬ ሳቅ እያወራን ነበር።

ያለፈው ሐምሌ 26፣ የአረጋዊው ዮሴፍ የዕረፍቱ መታሰቢያ ቀን፣ እህቴና ልጇ አዲስ አበባ እናቴ ቤት ነበሩ። ለመታሰቢያው ብለው አይደለም የመጡት፤ ክረምት ነው፣ ትምህርት ተዘግቷል። ዓርብ ስለነበር ማዕዱ ላይ ሽሮና ጎመን ነው። ልጅቷ ረጅም ሆናለች። "ጋሼ" ነው የምትለኝ። የሒሳብ መጽሐፍ ስለምገዛላት በዓለም ላይ እንደኔ ያለ አጎት ያለ አይመስላትም። ጋቢ ተከናንባ ስትበላ ቆየችና ድንገት ቀና አለች።

"እማ፣ እኛ ብቻ ለምንድነው አዳማ የምንኖረው? ሁሉም ሰው እዚህ ነው።"

እናቴ እጇን ሰበሰበች። እኔ ጉርሻው ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። ልጅቷ ልትሰማው የምትችልበት ዕድሜ ላይ ናት። እህቴ ብትነግራትም የራሷ ነው፤ ማንም አይከለክላትም። ቀና ብላ አየችኝ። ብዙም አልቆየችም።

"የአዲስ አበባ ብርድ አልስማማኝ ብሎ ነው" አለች።

ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። "እውነትሽን ነው፣ እንዴት ነው የሚችሉት!" አለች ልጅቷ ጋቢዋን እየሳበች። እህቴ ከድስቱ ሽሮ ጨለፈችና እኔ ፊት አወጣችልኝ።